የዋጋ ሽማግሌዎች

ሚልክያስ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ጠግቦ ይበላል። አዳማ ውስጥ የሳምንት አስቤዛ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ሁሉ እንደዚሁ ያደርጋል። የተራበ ሰው ዓይኑ ዳቦው ላይ ይዘገያል፤ ዓይኑ የዘገየ ሰው ደግሞ ጨምሮ ይከፍላል። ከበላ በኋላ ፊቱን ይታጠባል፤ መስታወት ፊት ቆሞ ግንባሩን ያፍታታል፤ ምንም ያልቸገረው ሰው መምሰሉን ሲያረጋግጥ ዘንቢሉን አንሥቶ ይወጣል። መንገድ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን በክንዳቸው ይዘው ሲያስጠነቅቁ ይሰማል። "ውስጥ ገብተን 'እማዬ ይሄን ግዢልኝ' ያለ፣ ወዮለት!" ልጆቹም ለምደውታል። በሩ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው እንደ ትልቅ ሰው ፊት ይደርቃል።

የሚልክያስ ችግር መደበቅ የማይችለው ነገር መኖሩ ነው። ሚስቱ ሶልያና የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ደሟ አንሷል። ክኒኑን ሆዷ አልቀበል ብሎ በዋጠች ቁጥር ይመልሰዋል። ሐኪሟ "እንግዲያውስ ከምግብ ማግኘት አለባት" ብላ ቀይ ሥጋ፣ ምስር፣ ቆስጣና እንቁላል አዘዘች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደሟ ካልጨመረ እስክትወልድ ሆስፒታል እንደምትተኛ፣ ምጡም እንደሚያሰጋት አልደበቀቻቸውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥጋና እንቁላል ተወደዱ። ለሌላው ሰው አልተወደዱም፤ ለሚልክያስ ብቻ።

ሁለቱ ሱፐርማርኬቶች፣ ሙላትና ዛላ፣ በአንድ ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመዋል። ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው። መደርደሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ የመስታወት መስኮቶች የተገጠሙለት ረጅም ግድግዳ ነው ያለው። ሰው አንዱ መስኮት ፊት ሲቆም የዕቃው ስምና ዋጋ ይበራለታል፤ የሚታየውም ለእሱ ብቻ ነው። ከጎኑ የቆመው ሰው የሚያየው የራሱን ዋጋ ነው። መስኮቱን ሲነኩት ዕቃው ከኋላ ይወርዳል። ካርቶኑ ለሁሉም አንድ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ሰውዬው ነው።

ይህ አሠራር ሲጀመር ሚልክያስ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ በመኝታ ክፍላቸው ውስጥ ደግፎ ተከራክሮለታል። "ሁሉም እንደ አቅሙ ይክፈል" ነበር የተባለው። ሀብታሙ ጨምሮ ቢከፍል፣ ድሃው ቀንሶ ቢገዛ ምን ክፋት አለው? ዛሬም ቢሆን ሐሳቡ ከመነሻው ክፉ ነበር ብሎ አይፈርድም። ቅር የሚለው ግድግዳው አቅም ሲለካ ቆይቶ፣ ማንም ሳያስተውል ሌላ ነገር መለካት መጀመሩ ነው።

በዚያ ቅዳሜ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ሙላት ገባ። እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ ምስሩንና ቆስጣውን አየ፤ ምንም ሳይነካ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ ዛላ ገባ። እንቁላሉ እዚህ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሥጋው ግን ይብሳል፤ ምስሩ እኩል ነው። ለሐቁ ከሆነ የዛላ ቆስጣ ጥሩ ነው፤ ባለፈው የገዛው ሦስት ቀን ሳይጠወልግ ቆይቷል። ስለዚህ ቆስጣና እንቁላል ከዚህ፣ ሥጋና ምስር ከዚያ ብሎ ወሰነ። ቆስጣውን ገዝቶ እንቁላሉ ጋ ሲመለስ ዋጋው ጨምሯል። ትቶት መንገዱን ተሻገረና ሙላት ገባ። የሙላትም ሥጋ ጨምሯል። ሁለቱ ቤቶች በባለቤትነት አይገናኙም ይባላል፤ ነገር ግን አንዱ ጋ ቆሞ ሌላው ጋ የሄደ ሰው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ተመልሶ የሚመጣ ሰው የሚፈልግ ሰው ነው። ደጋግሞ የሚመለስና የማይቆጣ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሚልክያስ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ ሁሉንም ከሙላት፣ መጀመሪያ ካየው ዋጋ አስበልጦ ገዛ።

ቤት ሲደርስ ከፊት ለፊቱ በር የሚኖሩት እትዬ ትርንጎ ኮሪደሩ ላይ የራሳቸውን ዘንቢል ይዘው አገኙት። እትዬ ትርንጎ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ድምፃቸው እስከ ምድር ቤት ይሰማል።

"ስንት ገዛኸው?" አሉት እንቁላሉን እያዩ።

"ኧረ እትዬ፣ ይሄ ይጠየቃል?"

እውነትም አይጠየቅም። የሰው ዋጋ መጠየቅ የሰው ገመና መጠየቅ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል።

"ለምን አይጠየቅም? ሰርቀኸው ነው?"

ነገራቸው። እትዬ ትርንጎ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"እኔ በግማሹ ነው የገዛሁት! ሚልክያስ ሙት! በግማሹ! በል ና፣ ግባ፤ በሩን ዝጋው።"

እሱ ከሙላት የገዛውን አንድ እንቁላል፣ እሳቸውም ከሙላት የገዙትን አንድ እንቁላል አንድ ሰፊ ሳህን ላይ ሰበሩ። የእሳቸው አስኳል ጉብ ብሎ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ነጩ ዙሪያውን አቅፎት ቆመ። የእሱ እንደ ውሃ ሄዶ የሳህኑን ጠርዝ ነካ። አስኳሉ የት እንዳለ ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ማየት ነበረበት። ከአንድ ቤት፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ዓይነት ካርቶን የመጡ ናቸው።

ሚልክያስ ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አየው። "ደመወዜ እኮ ከእርስዎ ጡረታ ብዙም አይበልጥም" አለ።

"የምን ደመወዝ አመጣህ? ደመወዝ መጠየቅ ድሮ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ጋ ሄደህ ታውቃለህ?"

"ሄጃለሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት... አራት ጊዜ።"

"እና ምን አልካቸው?"

ሚልክያስ ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

"እሺ አልክ" አሉ እትዬ ትርንጎ። "አየህ፣ አንተ እሺ ትላለህ። ግድግዳው ደግሞ ይጽፋል።"

ሱፐርማርኬቶቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት የቅሬታ መስኮት ነበራቸው። ሰው እየመጣ ይጮህ ነበር፤ መስታወት የተሰበረበት ቀንም ነበር። በኋላ ለአንድ ሰው ብልሃት መጣለት። ሙላት የቅሬታውን መስኮት ዘግቶ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ፤ ወንበሩ ላይም ጋቢ የለበሱ አራት ሽማግሌዎችን አስቀመጠ። ሰው በዋጋ ቢከፋ ወደ እነሱ ይሄዳል። እነሱ ይነሡለታል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው ይሉታል፤ ለሽበታችን ብለህ ተው ብለው ይለምኑታል። እምቢ ካለ ይንበረከኩለታል። የተለመነው ሰው እሺ ቢል፣ ለምርቃታቸው አሜን ቢል፣ ወይም የተንበረከከውን ሽማግሌ ደግፎ ቢያነሣ እርቅ ወርዷል። ዋጋውን ተቀብሏል ማለት ነው። ይህ በሩ ላይ በግልጽ ተጽፏል። በዚህ አገር ግን ሽማግሌ እየተነሣለት ቆሞ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የለም። መስታወት መሰባበር ቀረ፤ ዛላም በወሩ የራሱን ሽማግሌዎች ቀጠረ።

"እርስዎ ምን ይሏቸዋል?" አለ ሚልክያስ።

"እኔማ ገና ብድግ ሲሉ 'ቁጭ በሉ፣ እናንተ የእንቁላል ሽማግሌዎች!' ነው የምላቸው።" ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡት። "እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንዱ የክርስትና አባቴ ልጅ ነው።"

መላውን ያመጡት እትዬ ትርንጎ ራሳቸው ናቸው። "ቅርጫ እንግባ" አሉ። ድሮ በዓል ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ አርዶ፣ ሥጋውን በመደብ ከፍሎ ዕጣ ይጥል እንደነበረ ሁለቱም ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። "እኔ የሁለታችንንም እገዛለሁ፤ ቤት አምጥተን እንካፈላለን። የኔ አፍ፣ ያንተ ጉልበት። ዘንቢሉን ግን አንተ ነህ ደረጃ የምታወጣው፣ ጉልበቴ አልቋል።"

ሁለት ሳምንት ደህና ሄደ። እሳቸው ይገዛሉ፤ እሱ ጥግ ላይ ጠብቆ ይሸከማል። እሳቸው ቤት ጠረጴዛ ላይ እንቁላሉን፣ ምስሩን፣ ሥጋውን ለሁለት ይመድቡና እትዬ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱን መደብ ይነካሉ። እንደ በዓል ያለ ነገር ሆነ። ምስሩ በአንድ ፍልታ በሰለ። ሶልያና ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀለም መጣ፤ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ መደገፍ ተወች። "ይሄ እንቁላል እንቁላል ይሸታል" ብላ ሳቀች።

በሦስተኛው ቅዳሜ እትዬ ትርንጎ ከሙላት ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ጥግ ላይ ለሚጠብቃቸው ሚልክያስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ኮሪደሩ ላይ ደርሰው ዘንቢሉን ከእጁ ነጠቁት፤ አንድ እንቁላል አወጡና እዚያው የራሳቸው መዳፍ ላይ ሰበሩት። በጣቶቻቸው መሃል ፈሶ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

"አየህ? በእጥፍ! ይሄንን! በእጥፍ!"

"እንዴት ሊሆን ቻለ?"

"እንዴት እንደሚሆንማ አንተ ነህ የተማርከው! ቀይ ሥጋ የተከለከልኩ አሮጊት ሥጋ ስገዛ፣ ሥጋ የታዘዘላት ሴት ባል ደግሞ ሥጋ መግዛት ሲተው... ግድግዳው ዓይን የለው መሰለህ? እንደ ዘመድ ቆጠረን።" መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "በሽታህን አጋባህብኝ፣ አንተ ልጅ! ይህን ሁሉ ዓመት በአፌ ያቆየሁትን ዋጋ!"

"እትዬ ትርንጎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ..."

"ይኸው! አሁንም ይቅርታ! ከዚህ በኋላ ራስህ ሂድ። መሬት ብትከፈት እሺ እንዳትል። ቢመርቁህ አሜን እንዳትል። ቢንበረከኩ እንዳታነሣ። ግድግዳው አንተን ካልለቀቀ እኔንም አይለቀኝም።" በሩን ዘጉት። ወዲያው ደግሞ ከፈቱትና፣ "ለሶልያና ምስሩን ውሰድላት" ብለው ሰጡት፤ መልሰው ዘጉት።

ሶልያና ሁሉንም ከውስጥ ሰምታለች። ሲገባ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጭና አገኛት።

"እንዴት ነሽ?"

"ይዞርብኛል። ሚልኪ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትከፋ።"

"ንገሪኝ።"

"ስንጋባ ሰው ሁሉ 'ታጋሽ ልጅ ነው፣ እድለኛ ነሽ' ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ትዕግሥትህን የምበላው እኔ ነኝ። በየቀኑ ሳህን ላይ አድርገህ የምታቀርብልኝ እሱን ነው።" ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ቢል ይሻለው ነበር። "ቀጠሮዬ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አንድ ቀን ተቆጣልኝ። አንድ ቀን ብቻ።"

ሚልክያስን እንዲቆጣ የለመነው ሰው አልነበረም እስከዛሬ። ለመቆጣት ሞከረ፤ የሚቆጣበትን ሰው ፈልጎ ግን አጣ። መስኮት ላይ አይቆጡ ነገር መስታወት ነው። ሽማግሌዎቹ ላይ አይቆጡ ነገር ደመወዝተኞች ናቸው። ራሱ ላይ ብቻ ነበር የሚቀረው፤ እሱ ደግሞ ዋጋ አይቀንስም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠግቦ ሳይበላ፣ ግንባሩን ሳያፍታታ ሙላት ገባ። የሥጋው ዋጋ በራለት። ከዛላ ጋር ሊያወዳድረው አልፈለገም፤ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ሄደ። አራቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ብድግ አሉ።

ሚልክያስ "በእግዜር፣ ይቀመጡ" ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከመሃላቸው ወደ ፊት የመጡትን ሲያይ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ለእሱ ሽማግሌ ሆነው የሶልያናን አባት ደጅ የጠኑት ሰው። አባቷ ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። በሦስተኛው ዝናብ እየመታቸው፣ "የጠየቅነው ልጅ ነው እንጂ ጥላ አይደለም" ብለው አጥር ሥር ቆመው፣ እሺ እስኪባሉ ንቅንቅ አላሉም። ጡረታቸው እንዳልበቃቸው ሰምቶ ነበር። እዚህ መቀጠራቸውን ግን አልሰማም። ሙላት ግን ማን ማንን እንዳጋባ ያውቃል።

"ልጄ ሚልክያስ" አሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። "ደህና አደርክ? ሶልያናስ እንዴት አድራለች?"

"ደህና ናት።"

"ምን አስከፋህ?"

"ዋጋው ነው፣ ጋሽ ወልደየስ። የሥጋውና የእንቁላሉ። ጥራቱም። ለእኔ የሚወርደው ለሌላ ሰው እንደሚወርደው አይደለም።"

"እውነት ነው" አሉ። ሁልጊዜ የሚጀምሩት በማመን ነው። "በድለንሃል። አንተ ልክ ነህ፤ እኛ ነን ጥፋተኞች። ግን ልጄ፣ ይቅር ማለት ከአዋቂ ነው። ለእኔ ብለህ፣ ለዚህ ሽበት ብለህ የዛሬን እለፈው።"

"አልችልም።"

ከኋላ ከቆሙት አንዱ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። "አልችልም? ለሽማግሌ?"

"ሶልያና ደሟ አንሷል። ይህን እንቁላል በልታ ደም አታገኝም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ።"

ጋሽ ወልደየስ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሱ ብቻ እንዲሰማ፣ "ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ። ባታስደርገኝ" አሉት።

"እንዳያደርጉት።"

"ሥራዬ ነው።"

የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ መለሱ። አንድ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተደግፈው አንዱን ጉልበት አጠፉ፤ ቆም ብለው ተነፈሱ፤ ሁለተኛውን አጠፉ። ሁለቱም ጉልበቶች ወለሉን ሲነኩ ድምፅ ነበራቸው። ሽበታቸው የሚልክያስ ቀበቶ ጋ ደረሰ።

ገበያተኛው ቆመ። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት፣ "እግዚኦ! ኧረ አንሣቸው! ምን ዓይነት ልጅ ነህ?" አለች።

"ተይው፣ ዘመኑ ነው" አለ አንድ ሰው ከወደ ዘይቱ መስኮት።

"የምን ዘመን! እናት አልወለደችውም እንዴ?"

የሚልክያስ እጆች እሱን ሳይጠይቁ ወደ ፊት ተዘረጉ። የሽማግሌውን ክንድ ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስሉ ነበር። መልሶ ሰበሰባቸውና ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ሴትየዋ ይህን ስታይ አማተበች። ጆሮው ሲግል ይሰማዋል። እሺ የምትለው ቃል ከአፉ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ዕድሜውን ሙሉ ስትወጣ የኖረች ቃል ናት፤ መንገዱን ታውቀዋለች። ጥርሱን ገጠመባት።

ዘወር ብሎ ወደ ሥጋው መስኮት ሄደ። ዋጋው ወርዷል። ትንሽ ነው፤ ግን ወርዷል። አልነካውም፤ ቆመ። ከጀርባው የጋሽ ወልደየስ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ የሚያፏጭ፣ የሽማግሌ ትንፋሽ ነው። ዋጋው እንደገና ወረደ።

"እንግዲህ እምቢ ካልክ ምን እላለሁ" አሉ ጋሽ ወልደየስ ከወለሉ ላይ። አላለቀሱም፤ አልተቆጡም። ድምፃቸው በዚያን ዝናባማ ቀን የሶልያና አባት ደጃፍ ላይ የነበረው ድምፅ ነው። "ሶልያናን ማርያም በሰላም ታገላግልልህ። የሚወለደውን ልጅ አሳድገህ ለወግ ለማዕረግ አብቃው። ቤትህ አይጉደል።"

"አሜን!" አለች ሴትየዋ።

"አሜን" አለ ከዘይቱ መስኮት የቆመው ሰው። ሦስቱ ሽማግሌዎች አሜን አሉ። የወተት ካርቶን የያዙ፣ ሚልክያስን ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ሰዎች፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው ጫፍ ድረስ፣ ላልተወለደው ልጅ አሜን አሉ። ያላለ አባቱ ብቻ ነበር።

ዞሮ አያቸው። ጋሽ ወልደየስ መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እየጠበቁት ነው። ምርቃቱ ከልብ የወጣ ይሁን ወይስ የሥራው የመጨረሻ ደረጃ፣ ከፊታቸው ሊያነብ ሞከረ። አልቻለም። ምናልባት እሳቸውም መለየት ትተው ይሆናል። ዓይኖቻቸው እርጥብ ነበሩ፤ ግን የሽማግሌ ዓይን ሁልጊዜ እርጥብ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ማንም ሰው ለልጁ የማይነፍገው ቃል ነው።

ሚልክያስ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ዋጋው ለሦስተኛ ጊዜ ወርዶ እትዬ ትርንጎ ይከፍሉት ከነበረውም ዝቅ ብሎ ቆሟል። ነካው። ሥጋው ወረደ፤ ቀይ፣ ደረቅ፣ ውሃ ያልተነፋበት ሥጋ። ምስሩን ነካ። እንቁላሉን ነካ። ካርቶኑ ሲያነሣው ከለመደው ይከብዳል።

ሲወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋሽ ወልደየስን በብብታቸው ይዘው ያነሡ ነበር። ለእነሱ አይቆጠርባቸውም። አጠገባቸው ሲያልፍ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ቤት ገብቶ ሥጋውን ከትፎ በሽንኩርት ጠበሰ፤ ሁለት እንቁላል ሰበረበት። አስኳሎቹ ተቆልለው መጥበሻው ውስጥ ቆሙ። ሶልያና ሽታው ጠርቷት ወጥ ቤት ድረስ መጣች። መጥበሻውን አየች፤ እሱን አየችው፤ ፊቷ ሁሉ ፈካ።

"ተቆጣህ!"

"እሺ አላልኩም።"

"እልልል! የልጄን አባት አታዩልኝም!" ሳህኑን ተቀብላ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ በእንጀራ ጠቅለል አድርጋ ጎረሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች። "አቤት... ይሄ ነው እንቁላል። ማነው ዛሬ የለመነህ? ያ አንካሳው ሽማግሌ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ማን?"

ሚልክያስ ምድጃውን አጠፋ። "ጋሽ ወልደየስ።"

ሶልያና ማላመጥ አቆመች።

"የኛ ጋሽ ወልደየስ? እዚያ ተቀጠሩ?"

"ተቀጥረዋል።"

"ተንበረከኩ?"

"ተንበረከኩ።"

የጎረሰችውን ቀስ ብላ ዋጠች። "ምን አሉህ?"

"መረቁን። ማርያም በሰላም ታገላግልልህ አሉ። ልጁን ለወግ ለማዕረግ አብቃው አሉ።"

"አንተስ?"

"ሰው ሁሉ አሜን አለ" አለ ሚልክያስ። መጥበሻውን ውሃ ሥር አድርጎ መፋቅ ጀመረ። "ሱፐርማርኬቱ ሙሉ ሰው፣ አንድ ሳይቀር።"

"አንተን ነው የጠየቅኩህ።"

ውሃው ይፈሳል። ሚልክያስ የጠራውን መጥበሻ ደግሞ ፋቀው።

"ብዪ፣ ሶሊ። እንዳይቀዘቅዝብሽ።"

ሶልያና ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሳህኑን ልትገፋው እጇን አነሣች፤ ከዚያ እጇን መልሳ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። መብላት ነበረባትና፣ በላች።